ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

‹‹ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው›› ይላል ያገራችን ሰው። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ጎረቤት ካወቀው፣ መንደር ካወራው፣ ሌላው ሁሉ ሰልችቶ ከተወው በኋላ። ይህን አባባል ዛሬ የማነሣው ስለ አንድ ሰው ሳይሆን ስለ አንድ አገር፣ ስለ ሐሜት ሳይሆን ስለ ዘፈን ልናገርበት ነው። ነገሩ የሚጀምረው ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ፣ ከአንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው።

ሳጥኗ የአጎቴ ናት። አርባ የሚሆኑ ካሴቶች ነበሩባት። ግማሾቹ የአገር ቤት ዘፈኖች ናቸው፦ ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ማሕሙድ፣ አለማየሁ። የቀሩት እኛ በጅምላ ‹‹የፈረንጅ›› የምንላቸው፣ አጎቴ ግን በየስማቸው የሚጠራቸው የሮክ ዘፋኞች ናቸው፦ ቢትልስ፣ ሮሊንግ ስቶንስ፣ ክዊን፣ ዳየር ስትሬይትስ፣ ዩቱ። አብዛኞቹ መርካቶ የተቀዱ ስለሆኑ ሽፋናቸው ላይ የዘፋኝ ፎቶ የለም፤ ያለው የአጎቴ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። ቴፑ ክሩን ሲበላው በቢክ እስክሪብቶ እያዞርን እንጠቀልለው ነበር። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ ፀሐይ ላይ አስጥተን ለአንድ ሁለት ዘፈን ያህል ነፍስ እንዘራበት ነበር።

ከካሴቶቹ ሥር አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ተቀምጧል። ውስጡ የእንግሊዝኛ ዘፈን ግጥም ነው፤ የተጻፈው ግን በፊደላችን ነው። አጎቴ ካሴቱን እየመለሰ፣ እንደገና እየመለሰ፣ ጆሮው እንደሰማው አስፍሮታል። ቃሉ ያልተያዘለት ቦታ ላይ ነጠብጣብ አለ። በኋላ መዝገበ ቃላት ሲያገኝ ወይም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሲገጥመው ነጠብጣቡን በቀይ ቀለም ሞልቶታል። የኔ ዕድሜ እኩዮችም ይህን ልማድ ጭራውን ይዘን ደርሰንበታል። ኢንተርኔት ግጥሙን ሁሉ ከነፍቺው ከማቅረቡ በፊት የዘፈን አፍቃሪ ትጋት የሚለካው በእንዲህ ያለው ደብተር ነበር።

ከእነዚያ ካሴቶች ውስጥ ልጅ ሳለሁ ከሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ ዘፈን ነበር። በደወል ድምፅ ይጀምራል። ዘፋኞቹ አንዱ ከአንዱ እየተቀበለ ያዜማሉ፤ ከበሮው እየከበደ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ባንድ ድምፅ አዝማቹን ያነሡታል። ቃሉን ሳላውቅ ከእነሱ ጋር እጮህ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ደርሼ እንግሊዝኛዬ ትንሽ ፈታ ሲል ደብተሩን ገለጥኩና ቃሉን ከዜማው ጋር ማስተያየት ጀመርኩ። ‹‹እነሱ›› የሚል ቃል ደጋግሞ ይመጣል። ገናን የማያውቁ፣ ውሃም ዝናምም የሌላቸው ሰዎች ናቸው።

‹‹ጋሼ፣ ‹እነሱ› የሚላቸው እነማን ናቸው?›› አልኩት።

አጎቴ ቴፑን አጠፋው። ‹‹እኛ ነን›› አለኝ።

ዜማውን ወስደን ቃሉን ተውነው

አንባቢ ‹‹ለመሆኑ ቃሉን ሳታውቅ እንዴት ወደድከው?›› ይለኝ ይሆናል። ይህ የኔ የብቻዬ ጥፋት አይደለም፤ ታሪክ አለው።

የምዕራቡ ዓለም ሙዚቃ ወደ አገራችን የገባው በመለከትና በሰልፍ ነው። በ1916 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ካላልኩ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው) አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያዩአቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ የክብር ዘበኛ፣ የምድር ጦርና የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች የዘመናዊ ዘፈናችን ትምህርት ቤት ሆኑ። በ1950ዎቹ አሜሪካኖች አስመራ ላይ ከነበራቸው የቃኘው ጣቢያ በሚተላለፈው ሬዲዮ፣ በ1955 ዓ.ም. መምጣት በጀመሩት የሰላም ጓድ መምህራን፣ ከውጭ ተምረው በሚመለሱ ወጣቶች ሻንጣ፣ የኤልቪስ ፕሪስሊና የጄምስ ብራውን ሸክላ አገር ውስጥ ገባ።

የፖሊስ ኦርኬስትራው አለማየሁ እሸቴ ፀጉሩን እንደ ኤልቪስ አበጥሮ፣ እንደ ጄምስ ብራውን ጮኾ፣ በአማርኛ ዘፈነ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሸክላ ነጋዴ ሙዚቃ የማሳተሙ ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ሲከፍት የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ ነበር። የታተመውም ሕንድ አገር ነው። ከዚያ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የአምሃ ማሳተሚያ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና 12 ትልልቅ አልበሞች አወጣ። አምሃና አለማየሁ ሁለቱም ያረፉት በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. ነው።

ልብ በሉ፤ አለማየሁና ጓደኞቹ ከኤልቪስ የወሰዱት ጩኸቱን፣ ጊታሩን፣ አለባበሱን ነው። ቃሉን እዚያው ትተውለት በቦታው የራሳቸውን አስገቡ። አድማጩም እንዲሁ አደረገ። በአማርኛ ዘፈን ላይ ግን ይኸው አድማጭ እጅግ ጠርጣራ ነው። ‹‹ይህቺ ስንኝ ለማን ተባለች?›› ይላል፤ ‹‹ሰሙ ይህ ከሆነ ወርቁ ምንድን ነው?›› ይላል። ሳንሱር በነበረበት ዘመን ገጣሚው ያላሰበውን ትርጉም ሳይቀር ጨምሮ ሰምቷል፤ ስለ ፍቅር የተዘፈነው ስለ መንግሥት ነው ተብሎ ስንት ዘፋኝ ተጠይቋል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ለፈረንጁ ዘፈን ሲሆን ይቀራል። በአማርኛ ስንኝ ላይ ዘብ የሚቆመው ጆሮ፣ ለእንግሊዝኛው በሩን ከፍቶ ‹‹ግባ›› ይላል። በዚህ የተከፈተ በር ነው የ1977ቱ ዘፈን ገብቶ ኮልፌ የተቀመጠው።

የ1977 ገና

መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ታከብር ነበር። ከተማዋ በባንዲራና በመብራት አጊጣለች። በዚያው ሰሞን በወሎና በትግራይ ሕዝብ ይረግፍ ነበር። ድርቅ ነበር፤ ጦርነት ነበር፤ የገበሬውን እህል በተተመነ ዋጋ የሚወስድ ፖሊሲ ነበር፤ ወሬው እንዳይሰማ የሚያፍን እጅም ነበር። የሟቾቹን ቁጥር ዝቅ የሚያደርጉት 400 ሺህ፣ ከፍ የሚያደርጉት አንድ ሚሊዮን ይሉታል።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡየርክ ከኮረም ያጠናቀረው፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በካሜራው ያነሣው ዘገባ ለንደን ላይ ታየ። ከ400 የሚበልጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀባብለው አሳዩት። ለንደን ያየውን ኮልፌ ገና አላየም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያልኩት እዚህ ላይ ነው፤ ኮረም ከአዲስ አበባ የአንድ ሁለት ቀን የመኪና መንገድ ሆና ሳለ፣ ወሬዋ ብዙዎቻችን ዘንድ የደረሰው በለንደን ዞሮ ነው።

ዘገባውን ካዩት አንዱ አየርላንዳዊው የሮክ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ነው። ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ ዘፈን አዘጋጀ፤ የዘመኑን ስመ ጥር የብሪታኒያና የአየርላንድ ዘፋኞች ሰብስቦ ኅዳር 16 ቀን ለንደን ውስጥ አስቀረጸ። ቡድኑ ባንድ ኤይድ ተባለ። የዘፈኑ ርዕስ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ ‹‹ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?›› ማለት ነው። የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ በብሪታኒያ ብቻ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሸክላ ተሸጠ፤ እስከ 1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስም በዚያ አገር የነጠላ ዘፈን ሽያጭ ታሪክ የሚበልጠው አልተገኘም። በአንድ ዓመት 8 ሚሊዮን ፓውንድ አስገኘ። ጥር 20 ቀን አሜሪካኖቹ ማይክል ጃክሰንና ላየኔል ሪቺ የጻፉትን፣ ኩዊንሲ ጆንስ የመራውን የእነሱን ዘፈን ቀረጹ። ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ በለንደንና በፊላዴልፊያ በአንድ ጊዜ የተካሄደው ታላቁ የሙዚቃ ዝግጅት በሳተላይት ለዓለም ተላለፈ። ክዊን፣ ዩቱ፣ ዴቪድ ቦዊ ሁሉም እዚያ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የምለው ምስጋና ቢስ እንዳያሰኘኝ አስቀድሜ እዳዬን ልክፈል። ያ ገንዘብ እህል ሆኗል፤ መድኃኒት ሆኗል፤ የጭነት መኪና ሆኗል። በዚያ እህል የተረፈ ሰው ዛሬ ልጅ አድርሶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ሊሆን ይችላል። የገዛ መንግሥቱ በዓል ሲያከብር ባሕር ማዶ ያለ ጎረምሳ ዘፋኝ መደንገጡ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም። ጥያቄዬ የሚመለከተው ገንዘቡን ሳይሆን ቃሉን ነው። ዘፈን ደግሞ ገንዘቡ ተበልቶ ካለቀ በኋላም ቃሉ ይቀራል።

ቃሉ ምን ይላል? ሦስት ነገር ልጥቀስ።

አንደኛው ስለ ገና ነው። ገናን ያውቁ እንደሆነ የተጠየቀላቸው ሰዎች አገር፣ ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን የተቀበለበት አገር ነው። በረሃቡ ከተመቱት አውራጃዎች አንዱ ላስታ ነው፤ የላስታ እምብርት ደግሞ ላሊበላ ናት። በላሊበላ የገና ዕለት ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ በአለቱ ጫፍ ላይ ቆመው ‹‹ቤዛ ኩሉ››ን ያሸበሽባሉ፤ የጌታ ልደትና የቅዱሱ ንጉሥ ልደት በአንድ ቀን ይከበራል። በዚያ ዓመት የለንደን ገና የዋለው ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። የእኛ ገና አሥራ ሦስት ቀን ይቀረው ነበር። ጠያቂውና ተጠያቂው በአንድ ቀን መቁጠሪያ እንኳ አልተገናኙም። ከዚህም ሌላ በወሎ መጠለያዎች ከነበሩት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። እነሱ ገናን ያውቃሉ፤ የጎረቤታቸው በዓል ስለሆነ ያውቁታል፤ የራሳቸው በዓል ግን ኢድና መውሊድ ነው። በኮልፌ ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። አጎቴ ካሴት የሚያስቀዳለት ሙስሊም ጎረቤቱ ለገና ‹‹እንኳን አደረሳችሁ›› ሊል ይመጣል፤ በኢድ ደግሞ እኛ እንሄዳለን።

ሁለተኛው ስለ ምድሩ ነው። ዘፈኑ በአህጉሩ በሙሉ ምንም የማይበቅልበት፣ ወንዝም ዝናምም የማይታይበት አድርጎ ይሥለዋል። ተከዜ የሚነሣው ከዚያው ከላስታ ተራሮች ነው። ለዓለም የታየችው ኮረም አጠገቧ የአሸንጌ ሐይቅ ተኝቷል። ይህን የምለው ረሃብ አልነበረም ለማለት አይደለም። ረሃቡ ሐይቅ አጠገብ መድረሱ ነው ጉዳዩን የባሰ የሚያደርገው። ሕዝብ ያለቀው ምድሩ እርጉም ስለሆነ ብቻ ቢሆን ማንም ተጠያቂ አይሆንም ነበር። ዘፈኑ ሁሉን ነገር ለሰማይ ሲሰጥ፣ በምድር የነበሩትን ጦርነቱንና ፖሊሲውን በነፃ አሰናበታቸው።

ሦስተኛው ተውላጠ ስም ነው። በዘፈኑ ውስጥ ‹‹እኛ›› አለ፤ ‹‹አንተ›› አለ፤ ‹‹እነሱ››ም አለ። ‹‹እኛ›› ዘፋኞቹ ናቸው፤ ‹‹አንተ›› ሸክላውን የሚገዛው ነው፤ ‹‹እነሱ›› የኮረም ሰዎች ናቸው። የዩቱው ቦኖ የሚያዜማት አንዲት ስንኝ ‹‹አንተ›› የተባለው ሰው መከራው በእሱ ፈንታ በ‹‹እነሱ›› ላይ ስለወረደ ፈጣሪውን እንዲያመሰግን ታሳስበዋለች። ምሬት ነው፤ የሰሚውን ሕሊና ለመቆንጠጥ የተጻፈ ነው፤ ይገባኛል። ሆኖም ኮልፌ ተቀምጦ ያቺን ስንኝ ለሚሰማ ልጅ ‹‹አንተ›› የተባለው እሱ አይደለም። ዘፈኑ ሲጻፍ ይህ ልጅ አንድ ቀን ይሰማው ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጎረቤት ስለ ቤትህ ሲያወራ በአጥሩ ቀዳዳ እንደመስማት ነው።

ተውላጠ ስም፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ በስም ምትክ የሚገባ ቃል ነው። ጋዜጠኝነት ስማር ከሁሉ አስቀድሞ የተነገረን አንድ ዜና ‹‹ማን?›› የሚለውን ሳይመልስ ዜና እንደማይባል ነው። ያ ዘፈን ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ይነግረናል። ‹‹ማን?›› ለሚለው ግን ያለው መልስ ‹‹እነሱ›› ብቻ ነው።

ከኮልፌ የወጣው ስም

በአጎቴ ሳጥን ውስጥ ከዚያ ካሴት ጎን ሌላ አለ። ያም ከእንግሊዝ የመጣ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በዚያው በአንድ ዓመት የወጣ፣ በእኛ ግን ለ1976 የሚቆጠር። ርዕሱ የአንድ ሰው ስም ነው፦ ‹‹ኔልሰን ማንዴላ››።

ይህ ስም ለኮልፌ እንግዳ አይደለም። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ከአገራቸው በምስጢር ወጥተው አፍሪካን ሲዞሩ፣ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነው። ተኩስ ተለማመዱ፤ ጓዝ ተሸክመው ረጅም መንገድ ተጓዙ። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በስምንት ሳምንት ተቋርጦ ወደ አገራቸው ሲጠሩ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኟቸው። ብዙም ሳይቆዩ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ። ከዚያ በኋላ ለ27 ዓመት ከእስር አልወጡም።

ማንዴላ በሕይወት ታሪካቸው የሚያወጉት አንድ ነገር ከርዕሳችን ጋር ስለሚሄድ ልጨምረው። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሳፈሩ አብራሪው ጥቁር መሆኑን ያያሉ። ጥቁር አብራሪ አይተው ስለማያውቁ ለቅጽበት ደነገጡ፤ ወዲያው ደግሞ በራሳቸው ድንጋጤ አፈሩ። ዕድሜ ልካቸውን ጥቁር ለዚህ ሥራ አይበቃም ሲባል የሰሙት ነገር ሳያውቁት ውስጣቸው ገብቶ ተቀምጦ ኖሯል። ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን ደጋግሞ ከሰማ ሳይወድ በግድ ያምነዋል። የማንዴላን ያህል ሰው ያልማረ ነገር፣ በስምንተኛ ክፍል ልጅ ላይማ እንዴት ይበረታ!

ዘፈኑን የጻፈው ጄሪ ዳመርስ ነው፤ ስፔሻል ኤኬኤ የሚባል፣ የጃማይካን የስካ ምት ከእንግሊዝ ጎረምሶች ሮክ ጋር ያዳቀለ ባንድ መሪ። ዳመርስም ስለ ማንዴላ ብዙ የሚያውቅ አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. ለ65ኛ ልደታቸው ለንደን ውስጥ በተዘጋጀ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ተገኝቶ፣ እዚያ የሚታደሉትን ወረቀቶች ሰብስቦ አነበበ። ዘፈኑ ሲወጣ ያነበበው ሁሉ ገብቶበት ነበር። የእስሩ ዓመታት በቁጥር ተጠቅሰዋል፤ እስረኛው በደል የደረሰበት አካሉ፣ እግሩን የሚያጠብቀው ጫማ ሳይቀር ተነሥቷል። ሲሰሙት የሚያስጨፍር እንጂ የሚያስለቅስ አይደለም፤ አዝማቹ ጥያቄ ሳይሆን ስምና ትእዛዝ ነው። ሰኔ 4 ቀን 1980 ዓ.ም. ለ70ኛ ልደታቸው በዌምብሌይ ስታዲየም በተደረገው ዝግጅት ላይም ተዘፈነ። ማንዴላ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ተፈቱ።

ሁለቱን ዘፈኖች አጎቴ በአንድ ካሴት ላይ ቢቀዳቸው ኖሮ ልዩነቱን ቶሎ እናስተውለው ነበር። ሁለቱም የተጻፉት አፍሪካን በሩቁ በሚያውቁ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ወጣቶች ነው። የሁለቱም ልብ ንጹሕ ነበር። አንዱ ግን ስለሚዘፍንለት ሰው አነበበ፤ ስሙን ጠራው። ሌላው ሥዕል አየ፤ ቸኮለም፤ ‹‹እነሱ›› አለ። ጥድፊያው ይገባኛል፤ የሚሞት ሰው አንባቢ አይጠብቅም። ውጤቱ ግን በየፊናው ቀረ። የማንዴላን ዘፈን የሰማ የለንደን ወጣት አንድ ሰው አወቀ። የባንድ ኤይድን ዘፈን የሰማው ደግሞ አገራችንን በአንድ መልክ ብቻ አወቀ፤ ያ መልክ ዛሬም ድረስ ባሕር ማዶ ያለ ወገናችን ‹‹ከየት ነህ?›› ተብሎ ሲጠየቅ ከመልሱ ቀድሞ ይገኛል።

‹‹እኔ›› ያለው ዘፈን

የራሳችን ዘፋኞችስ ስለ ረሃብ ምን አሉ? የጥላሁን ገሠሠን ‹‹ዋይ ዋይ ሲሉ›› ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እሱም ስለ ተራቡ ሰዎች ነው፤ በእሱም ውስጥ የተራቡት በሦስተኛ ሰው ነው የሚነሡት። ልዩነቱ ያለው ተናጋሪው ላይ ነው። የጥላሁን ተናጋሪ ‹‹እኔ›› ይላል። በዓይኑ አይቷል፤ አልደረሰላቸውም፤ ሞት ቀድሞታል። ክሱን የሚያቀርበው በራሱ ላይ ነው። ሰሚውም አብሮ ይከሰሳል፤ የሚያመሰግንበት ቦታ አይተውለትም። ያ ዘፈን ሲሰማ የሚያለቅሰው ሰው ብዙ ነው፤ የሚያለቅሰውም ለሩቅ ሰው አይደለም።

ይህን ሳነሣ ‹‹የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ›› ብዬ በሩን ለመዝጋት አይደለም። እኛም እኮ ከአዲስ አበባ ሆነን የወሎን ሰው ‹‹እነሱ›› ብለናል። በመስከረም 1977 በመብራት ያጌጠችው ከተማ የእኛ ከተማ ናት። ‹‹እነሱ›› ለማለት ባሕር መሻገር አያስፈልግም።

የለንደኑ ዘፈን ደግሞ ከዚያ በኋላም ዝም አላለም። በፈረንጆቹ 1989፣ 2004 እና 2014 በአዳዲስ ዘፋኞች ታድሶ ተቀርጿል። የመጨረሻው ለኢቦላ ወረርሽኝ ሲሆን፣ የቦኖ ስንኝ ያን ጊዜ ተለውጣለች። በ2024፣ በአርባኛ ዓመቱ፣ የቀድሞዎቹ ድምፆች ተቀላቅለው ሲወጡ ግን ከዘፋኞቹ አንዱ ኤድ ሺራን ፈቃድ ቢጠየቅ ኖሮ ድምፁን እንደማይሰጥ ተናገረ። ጋናዊ ዝርያ ያለው እንግሊዛዊው ፊውዝ ኦዲጂ ቀደም ብሎ በ2014 ተጋብዞ እምቢ ብሎ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ‹‹እነሱ›› የሚለው ቃል ለዘፋኞቹ ጆሮም መቆርቆር ጀምሯል ማለት ነው።

የደብተሩ ጀርባ

ደብተሩን ከፊት ለፊት ሲገልጡት የዘፈን ግጥም ነው ብያለሁ። ገልብጠው ከኋላ ሲጀምሩት ሌላ ነገር ይገኛል። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ፣ የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ሳጠነጥን ነው።

አጎቴ በ1977 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ መንግሥት 600 ሺህ ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ብዙዎቹ ሳይወዱ የተወሰዱ ናቸው፤ በመንገድና በሰፈራው ጣቢያ ያለቀውም ብዙ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ለሰፋሪዎቹ ጎጆ እንዲሠሩ ዘመቱ። አጎቴ የደረሰው መተከል ነው። ምሰሶ ሲተክልና ሳር ሲያጭድ ሰነበተ፤ ጽሕፈቱ ጥሩ ስለነበር ደግሞ የየጎጆውን አባወራ እንዲመዘግብ ታዘዘ። ዋናውን መዝገብ አስረከበ። ለራሱ ግን በዘፈን ደብተሩ ጀርባ ቀድቶ አስቀረው።

ስም አለ፤ የአባት ስም አለ፤ የመጡበት ወረዳ አለ፤ ስንት ሆነው እንደተነሡ፣ ስንት ሆነው እንደደረሱ አለ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል የሆኑባቸው መስመሮች ጥቂት ናቸው። መሐመድም ገብረ ማርያምም የሚባሉ አሉ። ዝርዝሩን እዚህ አላወጣውም፤ የቤተሰቦቻቸው ነው።

‹‹ጋሼ፣ ይህን ለምን ቀዳኸው?›› አልኩት በቅርቡ።

‹‹መዝገቡ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ›› አለኝ። ‹‹ኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ ያንን ዘፈን ስሰማው ደግሞ ቃሉን ለማወቅ ጓጓሁ። ከእነዚህ ሰዎች የአንዱን ስም ይጠራ ይሆናል ብዬ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።››

ሞኝ አልነበረም። አድማጭ ማለት እንዲህ ነው። ያን ሁሉ ቀን ክሩን እየመለሰ፣ ነጠብጣቡን በቀይ እየሞላ ይፈልግ የነበረው ጀርባው ላይ የጻፈውን ነው። አላገኘውም።

‹‹ታዲያ ዘፈኑን አትጠላውም?›› አልኩት።

‹‹ዜማው ምን አደረገኝ!›› አለኝ። ሳጥኗን ከፍቶ ካሴቱን አወጣ። ቴፑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ እንዲያው በእጁ ያገላብጠው ጀመር። እኔም እውነቱን ልናገር፤ ዘፈኑን ዛሬም እወደዋለሁ። ደወሉ ሲጀምር ልቤ እንደ ልጅነቴ ይነሣል። አሁን ግን አዝማቹ ሲደርስ አልጮህም። ዝም ብዬ ከደብተሩ ጀርባ ያሉትን ስሞች የማስታውሳቸውን ያህል በልቤ እቆጥራለሁ። ዘፈኑ አልቆ እንኳ ስሞቹ አያልቁም።

አንባቢዬ፣ በየቤታችን እንዲህ ያለ ሳጥን አይጠፋም። ከካሴቱ ሥር ደብተር ቢገኝ ፊቱን ብቻ አይታችሁ አትመልሱት፤ ገልብጣችሁም እዩት።